የግንቡ ዘጠና ስድስት ዓይኖች

ጠዋት ጠዋት በተቋሙ ምግብ ቤት ሰባት መቶ ተማሪ ስለ ትምህርቱ ያወራል፤ አስካለ ይመር የምትሰማው ግን ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት የሚማሩትን የመቶውን ብቻ ነው። የቀሩት ስድስት መቶዎቹ ስለ ሻይ ወይም ስለ ደሴ ብርድ ሲያወሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይደርሳታል። ወደ ትምህርታቸው ገባ ሲሉ ደግሞ ጆሮዋ ውስጥ ያለችው ከለላ ቃሉን ለቀም ታደርግና በቦታው ከሩቅ የሚዘንብ ዝናብ ታሰማታለች። ሰው አፉን ይከፍታል፣ እጁን ያወራጫል፣ ዝናብ ይወጣዋል።

ከለላ የምስር ፍሬ ብታክል ነው። ተማሪው በገባበት ቀን ከአንሶላውና ከምግብ ካርዱ ጋር ይሰጡታል። መጀመሪያ ሰሞን ታሳክካለች፤ ከዚያ ትለመዳለች። ምን የማይለመድ ነገር አለ!

ዘርፎቹ ሰባት ናቸው፤ የአንገትጌው ቀለምም እንደዚያው ሰባት። የግንብ ዘርፍ ቡኒ፣ የአፈር ቀይ፣ የውሃ ሰማያዊ፣ እያለ ይቀጥላል። የአስካለ ግራጫ ነው፣ የድፍን ዘርፍ። አምስት ዓመት ሙሉ የተማረችው ቀዳዳና ስንጥቅ መድፈን ነው። የሚስቅ ይስቅ፤ እሷ አትስቅም። በሩ ላይ «አንድ ሰው፣ አንድ ዘርፍ» ተብሎ ተጽፏል። የሁሉንም ሥራ ተቀብሎ የሚያገጣጥመው አስማሚው ነው። አስማሚውን በዓይኑ ያየ የለም፤ አረንጓዴ መብራቱን ግን ሁሉም ይናፍቃል። የአንደኛ ዓመት መጽሐፍ እንደሚለው፣ ድሮ ሁሉም በሁሉ እጁን እያስገባ አንድ ድልድይ ስድስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ በስድስት ወር ያልቃል። ያለቀው ነገር ምን ሆነ የሚለውን መጽሐፉ አይነካካውም።

በግንቦት አስማሚው ለአስካለ የመመረቂያ ሥራ መደበላት። ሰንበሌጥ ሰፈር ላይ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ዳገት ደግፎ የያዘ ግንብ አለ፤ አምና የተሠራ፣ የሁለት ፎቅ ቁመት ያለው። በላዩ ላይ በሦስት ረድፍ ዘጠና ስድስት ቀዳዳ ተገኝቷል። በድፍን ዘርፍ ቀዳዳ እንከን ነው፤ እንከን ይደፈናል። አስካለ አሥራ አንድ ቀን መሰላል ላይ ውላ ዘጠና ስድስቱንም ደፈነች። እንዴት ያለ ድፍን! በእጅ ቢዳስሱት የት እንደነበረ አይታወቅም። አረንጓዴው መብራት በራ፣ ከመቶ መቶ ተሰጣት፣ ፎቶዋ በመግቢያው ላይ ተሰቀለ። ግንቡ ሥር ያለው የመጀመሪያው ቤት የእናቷ የወይዘሮ ደብሪቱ ስለሆነ፣ ሰፈሩ ሁሉ «የደብሪቱ ልጅ ግንባችንን አሳመረችው» እያለ ከረመ።

ሐምሌ ገባ። ለምረቃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ረፋድ ላይ አስካለ እናቷን ልትጠይቅ ወረደች። ወይዘሮ ደብሪቱ ግቢው መሃል ቆመው የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን እንደ በደለኛ ልጅ እያዩት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል አይደል? ይሄ ገመድ ምን ሆኖ ነው የሚረዝመው?»

«ገመድ ይረዝማል እንዴ፣ እማዬ?»

«እኔስ ምን አልኩሽ! በሰኔ አንሶላዬ ጭቃ ሲጠርግ አገኘሁትና አንድ ስንዝር ቆርጬ አሳጠርኩት። በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ሌላ ስንዝር። ይኸው ዛሬ እንደገና ረግቧል። የዘንድሮ ዕቃ ብዬ ተውኩት።»

አስካለ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀዘቀዘ። የገመዱ አንድ ጫፍ የቤቱ ምሰሶ ላይ ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ግንቡ ላይ ካለች የብረት ቀለበት። ገመድ እንደሆነ በራሱ አይረዝምም፤ ምሰሶውም ከቤቱ ጋር ንቅንቅ አላለም። የቀረው ግንቡ ነው። ዓይኗን ሽቅብ ላከች። የግንቡ መሃል እንደ እርጉዝ ሆድ ገፋ ብሏል።

«እማዬ፣ ይሄ ግንብ...»

«እሷን ተያት፣ ተቀይማናለች» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «አምና ክረምት በዚያ ሁሉ ዓይኗ ታለቅስ ነበር፤ ባልዲ ከሥሯ ደቅኜ ልብስ አጥብባት ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ከአምናው ይብሳል፣ እሷ ግን ጭጭ። ለቅሶውን አምቆ የሚይዝ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን ይፈነዳል።»

ግንቦት ደረቅ ወር ነው፤ አስካለ ቀዳዳዎቹን ስትደፍናቸው አንድም ጠብታ አላየችም። ወደ ተቋሙ ተመልሳ አስማሚውን ጠየቀችው፦ እነዚያ ቀዳዳዎች ለምን ነበሩ? ጽሑፉ ወዲያው መጣ። «ጥያቄዎ ከዘርፍዎ ውጭ ነው። መልካም ቀን።»

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ እጅ መታጠቢያው ጋ ሙሄን ጠብቃ ያዘችው። ሙሄ አራጋው የግንብ ዘርፍ ተማሪ ነው፤ አምና ያን ግንብ የሠራው ቡድን ውስጥ ነበረ። ከሌላ ዘርፍ ሰው ጋር ማውራት አልተከለከለም፤ ከለላ ስላለች መከልከልም አላስፈለገም።

«ሙሄ፣ የሰንበሌጥ ሰፈሩ ግንብ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለምንድን ናቸው?»

ሙሄ በትጋት አብራራላት። ከአፉ የወጣው ግን ዝናብ ነው። አስካለ ጆሮዋን እያመለከተች ራሷን ነቀነቀች። እሱም ቆም ብሎ አሰበ፤ ቀልደኛ ልጅ ነው፣ ሲያስብ ግን አፍንጫውን ይቆነጥጣል።

«እሺ። እናትሽ ሽሮ ሲሠሩ ድስቱን ግጥም አድርገው ይከድኑታል?»

«ኧረ ገንፍሎ ምድጃውን ያጨማልቀዋል! ትንሽ ከፈት ታደርግለታለች።»

«ለምን?»

«እንዲተነፍስ ነዋ።»

«ነገር በምሳሌ ይባል የለ» አለ ሙሄ ወደ ሰንበሌጥ ሰፈር አቅጣጫ በአገጩ እየጠቆመ። «ያ ድስት ዘጠና ስድስት መተንፈሻ አለው። ክረምት ሲሆን ከጀርባው የሚፈላው አለ። እነሱ ባይኖሩ፣ አላህ አያሳየን።»

ወጥ ቤት የማንም ዘርፍ አይደለም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቃል ገባቻት። አስካለ ስለ ድፍኗ ብትናገር ግን ለእሱም ዝናብ ነው። የሙሄን እርጥብ እጅ ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ጨበጠቻቸው። ከዚያ የሌላኛውን እጁን። ሙሄ ሁለቱን የተጨበጡ እጆቹን እያየ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ከመቶ መቶ አግኝቼበታለሁ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት አስካለ የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር አጥናፍሰገድ ቢሮ ገባች። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሰማቸው የለም። ነገሩን ካዳመጧት በኋላ ሰሌዳቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ድፍንሽ እንከን የለውም። ግንቡም በዘርፉ እንከን የለውም። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። እንከን የሌላቸው ሁለት ሥራዎች እንከን ይወልዳሉ እንዴ?»

«ወልደዋል፣ ዶክተር። ሆዱ ገፍቷል፤ መጥተው ይዩት።»

«እኔ የግንብ ዘርፍ አይደለሁም፤ ባየው ምን አውቃለሁ? ጥያቄሽን አስገቢ። አስማሚው በአርባ ቀን ይመልስልሻል።»

«አርባ ቀን?» አስካለ ሳታስበው ድምፅዋ ጮኸ። «አርባ ቀን የተዝካር ነው፣ ዶክተር! ከሥሩ አርባ አባወራ አለ። እናቴ አለች።»

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። «አስካለ፣ ስሚኝ። ከጸደቀ በኋላ ያ ግንብ የዘርፍሽ አይደለም። ከሌላ ዘርፍ ተማሪ ጋር ሆነሽ ጣትሽን ብታሳርፊበት ክሱ ድብልቅ ይባላል። ስምሽ ይሰረዛል። አምስት ዓመት! ሦስት ሳምንት ሲቀርሽ አታበላሺው።»

ወጣች። ፎቶዋ በመግቢያው ላይ ፈገግ ብሎ ያያታል፤ ልትተፋበት ቃጣት። እናቷ እሷን ለማስተማር በዚያ ግቢ ውስጥ የሰው ልብስ ሲያጥቡ እጃቸው ቆዳው ተልጧል። ያ ሁሉ በአንድ ቀን ይጥፋ? ሰንበሌጥ ሰፈርስ? ደረጃውን ስትወርድ ዝናቡ ጀመረ፤ ይኼኛው እውነተኛው ዝናብ ነው፣ ከላይ ከጦሳ የሚወርደው። እግሯ ወደ ማደሪያዋ አልሄደም፤ ወደ እናቷ ቤት ይዟት ወረደ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ አላለቀሱም። ተቆጡ።

«ታዲያ ምን ያስለፈልፍሻል? የደፈንሽው አንቺ፣ ክፈቺዋ!»

«ብቻዬን አልችልም እማዬ። ከግንብ ዘርፍ ሰው ያስፈልገኛል፣ ከአፈር፣ ከውሃ። ከእነሱ ጋር እጄን ካነሳሁ ደግሞ ድብልቅ ነው።»

«ድብልቅ ምንትስ አታብዢብኝ። ደቦ በይው! ደቦ ላይ ምን ተማርክ ተብሎ የሚጠየቅ አለ? ዶማ ያለው በዶማው፣ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ምንም የሌለው በዘፈኑ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ውሃ እንደሆነ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እኔ ሰፈሩን እጠራለሁ፤ አንቺ ልጆቹን ጥሪ።»

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰንበሌጥ ሰፈር ተጠራ። አዛውንትና ሕፃናት ዕቃቸውን ይዘው ማዶ ወዳለው ሜዳ ተሻገሩ። በያጁ ጋሽ እንድሪስ ረጅሙን መሰርሰሪያቸውን ተሸክመው መጡ፤ ሌላው ዲጂኖ፣ ሌላው መሰላል፣ አንዷ ሴትዮ ንፍሮ በሳፋ። ከተቋሙ አራት ልጆች ብቻ መጡ፦ ሙሄ፣ ቀይ አንገትጌዋ የአፈር ዘርፏ ትርንጎ፣ ሁለት ሰማያዊዎች። ሌሎቹ ሃያ ምናምኖቹ እንመጣለን ብለው ነበር፤ ሲነጋ ልባቸው ከዳቸው። አይፈረድባቸውም፣ አምስት ዓመት አምስት ዓመት ነው።

አስካለ ጆሮዋ ውስጥ ጣቷን ከትታ ከለላዋን አወጣችና የእናቷ የልብስ መቆንጠጫ ጣሳ ውስጥ ጣለቻት። ኳ አለች። አራቱም ተከተሏት፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ከዚያ ትርንጎ ተናገረች፤ አስካለም በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አፈር ሲወራ ሰማች።

«ቁሙ! እንዲሁ ከከፈታችሁት ጉድ ነው የምትሆኑት። ከጀርባው ያለው ደቃቅ ሸክላ ነው፤ ከውሃው ጋር ተግተልትሎ ይወጣና ጀርባው ባዶ ይቀራል። ያን ጊዜ ከላይ ያለው መንገድ ይሰምጣል።»

ሙሄ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ከጀርባው ጠጠር አይደለም እንዴ? እኛ ስንሠራ ጠጠር ይሞላል ተብሎ ነው።»

«ማን ሞላው? ለኛ የደረሰን አፈር መልሱበት ተብሎ ነው፤ መለስንበት። አረንጓዴ በራልን።»

እርስ በርስ ተያዩ። ስንት ዓመት አንድ ምግብ ቤት በልተዋል! አስካለ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱ መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ ሙሄ እንክፈት ይላል፣ ትርንጎ አይከፈትም፣ ሰማያዊዎቹ ስለ ውሃው ብዛት እያሰሉ ይጮኻሉ። እንዴት ያለ ጆሮ የሚበጥስ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ጩኸት!

«እናንተ ልጆች» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር ነው የምትሉት? ታዲያ ማጥለል ነዋ! ማዳበሪያ ሞልቶ የለም እንዴ?»

ትርንጎ የማዳበሪያውን ከረጢት ጨርቅ ተቀብላ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው፣ ሽመናውን በጥፍሯ ፈተሸችው፣ ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ሥራ ሆነ። ሴቶቹ በየተከፈተው ቀዳዳ በሚገባው የላስቲክ ቱቦ ጫፍ ላይ ጨርቁን እጥፍ እያደረጉ አሰሩ። ሙሄ ከዳርና ከላይ እንዲጀመር፣ ሆዱ ፊት ለፊት ማንም እንዳይቆም አዘዘ። ሰማያዊዎቹ ውሃው የሚሄድበትን ቦይ ቀደዱ። ድፍኑ የት ጋ ጠንክሮ የት ጋ እንደሚላቀቅ የምታውቀው ግን አስካለ ብቻ ናት፤ ቦታው በዓይን አይለይም፣ እሷ በመዳፏ እየዳሰሰች አገኘችው። እንዲህ አሳምሬ ባልደፈንኩት ኖሮ ብላ አሥር ጊዜ ራሷን ረገመች። ጋሽ እንድሪስ ከመሰላሉ ላይ በጎን ቆመው ረጅሙን መሰርሰሪያ አስገቡ።

የመጀመሪያው ምንም አልወጣውም። ሁለተኛው አለቀሰ። ሦስተኛው ላይ ቡኒ ውሃ ክንድ አክሎ ወጣና ማዶ ያለውን አጥር መታው። ሰፈሩ እልል አለ።

ሠላሳ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዶክተር አጥናፍሰገድ ከሁለት ተቆጣጣሪዎች ጋር ከተፍ አሉ። ጫማቸው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ግቢው መሃል፣ ከረገበው ገመድ አጠገብ ቆሙ። ጣሳው ውስጥ ያሉትን አምስት ከለላዎች አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«የዚህ ሥራ ኃላፊ ማን ነው?»

«ደቦ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ ከመሰላሉ ላይ ሳይዞሩ።

«ደቦ የሚባል ዘርፍ የለም። ስም እፈልጋለሁ።»

አስካለ ከመሰላሏ ወረደች። ሙሄ ክንዷን ሊይዛት ሞከረ፣ አስለቀቀችው። ግራጫ አንገትጌዋ በጭቃ ቡኒ ሆኗል።

«አስካለ ይመር ብለው ይጻፉ። የደፈንኩትም እኔ፣ የምከፍተውም እኔ።»

ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእውነት እያዘኑላት ይመስላል፣ «መልሰሽ ድፈኚው» አሏት። «ዛሬውኑ። አልታየም፣ አልተሰማም ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ትመረቂያለሽ። እናትሽም ደስ ይላቸዋል።»

አስካለ እናቷን አየች። ከዚያ የድፍን መሣሪያዋን ከወገቧ ፈታችና በሁለት እጇ ለዶክተሩ አቀረበችላቸው።

«እንኩ፤ እርስዎ ይድፈኑት። ከደፈኑ በኋላ ግን እዚሁ ከእናቴ ጋር ይደሩ። ነገ ጠዋት ስለ አረንጓዴው መብራት እናወራለን።»

መሣሪያውን አልተቀበሏትም። እጇ አየር ላይ ቀረ። በዚያ መካከል ሠላሳ አምስተኛው ቀዳዳ ተከፈተና ውሃው ቅስት ሠርቶ መጥቶ ጥቁር ጫማቸው ላይ አረፈ። ዶክተሩ ጫማቸውን አዩ፤ ቀጥለውም ቀና ብለው፣ ዘርፋቸው ያልሆነውን ግንብ አዩት። ሆዱን አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ያሉትን ግን የሰማ የለም።

«አንቱ ጌታው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «ደቦ መጥቶ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው ነውር ነው። ይቺን ገመድ ያዙልኝ፤ ላጥብቃት ነው።» መልስ ሳይጠብቁም የገመዱን ጫፍ እጃቸው ላይ ጣሉባቸው።

ዶክተር አጥናፍሰገድም ያዙ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሦስተኛዋን ስንዝር ለክተው፣ ስበው፣ ሁለት ጊዜ አዙረው እስኪቋጥሩ ድረስ፣ ተቆጣጣሪዎቹ እያዩ፣ እጅ ከፍንጅ ገመዱን ይዘው ቆሙ።

ማክሰኞ የአስካለ ስም ከዝርዝሩ ወጣ፤ ፎቶዋም ወረደ። የሙሄና የትርንጎ፣ የሰማያዊዎቹም ምረቃ በአንድ ዓመት ተገፋ። አስካለ ያን ቀን ቤቷ ተኝታ አለቀሰች፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ለምን አታለቅስ! ሲበቃት ተነሥታ ገመዱን በጣቷ መታ አደረገችው። እንደተወጠረ ነው። በማግስቱም እንደተወጠረ ነበር፤ በሳምንቱም፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያላባራ ዝናብ ከዘነበ በኋላም። ግንቡ በዘጠና ስድስት ዓይኑ እያነባ፣ አርባው አባወራ ግን ከሥሩ በሰላም ተኝቶ ይነሣ ነበር።

ተቋሙም አልተኛም። በዚያው ሳምንት በደንቡ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ደቦ» የሚለው ቃል ከሰባቱም ዘርፎች ውጭ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከለላ ላደረገ ሰው ቃሉ ያለበት ንግግር ሁሉ ዝናብ ብቻ ሆነ።

የምረቃው ቀን ሰማዩ ጠራ። ሰባት መቶ ተማሪ በየቀለሙ ተሰልፎ ከበሩ ወደ አዳራሹ ያዘግማል፤ ዶክተሩ ከፊት ናቸው። አስካለ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፤ ሙሄና ትርንጎ ከጎኗ ናቸው። ከላይ ከጦሳ በኩል የተሠራ ሌላ ግንብ እንዳለ፣ እሱም ዓይኑ እንደተደፈነ ትርንጎ ነግራታለች። የደፈነውም ሌላ ባለ መቶ ከመቶ ነው።

«ስንት ይሰማናል ብለሽ ነው?» አለ ሙሄ አፍንጫውን ቆንጥጦ። «አሥር ሰው ከለላውን አውጥቶ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።»

አስካለ የአጥሩን ብረት በሁለት እጇ ያዘችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«ነገ ሦስት ሰዓት! ጦሳ ሥር ደቦ አለኝ!»

መጀመሪያ ከግራጫዎቹ መካከል አንዲት ልጅ ዞረች። ከዚያ ሁለት ቡኒዎች። ከዚያ ከቀዩም፣ ከሰማያዊውም፣ ስማቸውን ከማታውቃቸው ቀለሞችም አንገት ከአንገት እየተከተለ መዞር ጀመረ። አስካለ እስከ ስልሳ ቆጠረች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ስለሞላ መቁጠሩን ተወችው። ከፊት ዶክተር አጥናፍሰገድ ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ቶሎ ብለው ወደ አዳራሹ ገቡ።